ከፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በኋላ፦ ስለ ቡድኖች ብቃት በምናደርገው ክርክር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ግንቦት ሲገባደድ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ የፍጻሜ ፍልሚያውን ይጀምራል። በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ተሰባስበን ስለ ጨዋታው የምንከራከር ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የባጃጅ አሽከርካሪዎች አለን። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎች ዓመት ከዓመት እምብዛም አይለዋወጡም፤ አዲስ የሚቀላቀሉን ሰዎችም እነዚያኑ ደጋግመው ስለሚያነሡ መልሶቹን እዚህ ጽፈናቸዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋንጫው የሚለየው በስንት ጨዋታ ነው?

ሁለቱ ቡድኖች ቢበዛ ሰባት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ቀድሞ አራት ጊዜ ያሸነፈው ዋንጫውን ይወስዳል። በመደበኛው ውድድር የተሻለ ውጤት ያስመዘገበው ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በሜዳው ያደርጋል፤ ሦስተኛውና አራተኛው በተጋጣሚው ሜዳ ይካሄዳሉ፤ ቀሪዎቹ ካስፈለጉ ሜዳ እየተቀያየረ ይቀጥላል። ይህ አሠራር ከ2014 ወዲህ ያለ ነው። ከ1985 እስከ 2013 መካከለኞቹ ሦስት ጨዋታዎች በአንድ ሜዳ በተከታታይ ይደረጉ ስለነበር፣ የቆየ ውጤት በማስረጃነት የሚያቀርብ ሰው ይህን ልዩነት ቢያስታውስ መልካም ነው።

ጨዋታው እኛ ዘንድ በስንት ሰዓት ይጀምራል? ክርክሩስ ለምን በዚያው ጠዋት አይደረግም?

በቅርብ ዓመታት የመጀመሪያው ጨዋታ በአብዛኛው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ጨዋታው ሲያበቃ ጎህ ቀድዶ፣ ታንኳ ቀዛፊዎች ሐይቁ ላይ ወጥተው ይገኛሉ። ቀደም ሲል ክርክሩን በዚያው ዓርብ ጠዋት እናደርግ ነበር፤ እንቅልፍ ያጣና ቡድኑ የተሸነፈበት ሰው ግን የሚናገረውን አያውቅም፤ ያሸነፈውም ቢሆን የሌላውን ቃል ለመስማት ጆሮ የለውም። ስለዚህ ቀጠሮውን ወደ ቅዳሜ ረፋድ አዛወርነው። በመካከሉ ያለው አንድ ቀን ጨዋታውን በድጋሚ ለማየትና የቁጥር ሠንጠረዡን ለማገላበጥ በቂ ጊዜ ይሰጣል። መብራት የጠፋበት ወይም ኢንተርኔት የከዳው ሰው እንኳ እስከዚያ ድረስ ይደርስበታል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ዋንጫውን እንደወሰደ ይቆጠራል?

አይቆጠርም፤ ዕድሉ ግን ይሰፋል። በሊጉ የፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያውን ጨዋታ ካሸነፉት ቡድኖች ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ሻምፒዮን ሆነዋል። ይህን ቁጥር ይዘው የሚመጡ ተከራካሪዎች ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው ጨዋታ የሚደረገው በመደበኛው ውድድር የተሻለ ውጤት በነበረው ቡድን ሜዳ ነው፤ ስለዚህ አሸናፊው ብዙውን ጊዜ ቀድሞውንም ብልጫ የነበረው ቡድን ነው፤ ድሉ ያንን ብልጫ ከማሳየት ያለፈ አዲስ ነገር ላይነግረን ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ የቅርቡን ጊዜ ለይተን ስንቆጥር ነገሩ ሌላ መልክ መያዙ ነው። ከ2011 እስከ 2025 በተደረጉት 15 የፍጻሜ ፍልሚያዎች የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ያነሡት 8 ብቻ ናቸው። ማያሚ ሂት በ2011፣ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር በ2012፣ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ በ2013፣ ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በ2016፣ ፊኒክስ ሰንስ በ2021፣ ቦስተን ሴልቲክስ በ2022፣ ኢንዲያና ፔሰርስ በ2025 በድል ጀምረው ዋንጫውን ለተጋጣሚያቸው አስረክበዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው የ2001ዱ ነው። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ እስከ ፍጻሜው ድረስ ያደረጋቸውን 11 የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ነበር። ፊላዴልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ በሌከርስ ሜዳ፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ በአለን አይቨርሰን 48 ነጥብ ታግዞ 107 ለ101 ረታው። ሌከርስ ቀጥሎ ያሉትን አራት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈና ፍልሚያው በዚያው ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አብዛኞቻችን ያደግነው እግር ኳስ እያየን ነው፤ የባሕር ዳር ከነማ ደጋፊ ቡድኑ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በሊጉ የሚገናኘው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሆነ፣ የአንድ ቀን ውጤት እንደ መጨረሻ ፍርድ ሆኖ ይሰማዋል። በቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ግን ያው ቡድን ያንኑ ቡድን በሁለት ሳምንት ከምናምን ጊዜ ውስጥ እስከ ሰባት ጊዜ ይገጥመዋል። በመጀመሪያው ቀን የታየ ድክመት ከሦስት ቀን በኋላ ሊታረም ስለሚችል፣ ከእግር ኳስ ይዘነው የመጣነው የክርክር ልማድ እዚህ ብዙ ጊዜ ያሳስተናል።

ታዲያ መመዘን ያለበት ውጤቱ ነው ወይስ አጨዋወቱ?

ነጥቡን ያስመዘገበው ውጤቱ ነው፤ ስለሚቀጥለው ጨዋታ የሚነግረን ግን አጨዋወቱ ነው። ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ እንደ 2025ቱ የከረረበት ጊዜ የለም። ተንደር በመደበኛው ውድድር 68 ጨዋታ አሸንፎ የመጣ ቡድን ነበር። በሜዳው በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በአራተኛው ኳርተር፣ ማለትም በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ፣ በ15 ነጥብ መርቶ ሳለ፣ ፔሰርስ ቀስ በቀስ ደርሶበት 111 ለ110 አሸነፈ። ታይሪስ ሃሊበርተን የማሸነፊያዋን ኳስ ያስቆጠረው 0.3 ሴኮንድ ሲቀር ሲሆን፣ ፔሰርስ በጨዋታው ውስጥ መሪ የሆነው በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ወገን፣ ፔሰርስ በዚያው ዓመት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ከተመሳሳይ የነጥብ ልዩነት ደጋግሞ የተነሣ ቡድን ስለሆነ ይህ ድል አጋጣሚ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አለመደንገጥ ራሱ ብቃት ነው ሲል ተከራከረ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ፔሰርስ በዚያ ጨዋታ ከ20 በላይ ኳስ አበላሽቷል፤ ተንደር እነዚያን ኳሶች ነጥቆ በአግባቡ ወደ ነጥብ ሊቀይራቸው ባለመቻሉና ከወረወራቸው ኳሶች ከ40 በመቶ በታች ብቻ በማስገባቱ እንኳ የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ነው፤ የሚደጋገመው የተከላካዮቹ ጫና እንጂ የአጥቂዎቹ መሳት አይደለም ሲል መለሰ።

በእኔ አስተያየት ክርክሩን የመራው ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ካየነው ነገር ውስጥ በሁለተኛው ጨዋታ ይደገማል ተብሎ የሚጠበቀው የትኛው ነው? ተንደር ሁለተኛውን ጨዋታ 123 ለ107 ሲያሸንፍ የሁለተኛው ወገን ተከራካሪዎች ደስ አላቸው፤ ይሁንና ፔሰርስ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ፍልሚያውን እስከ ሰባተኛው ስላደረሰው፣ የመጀመሪያው ወገንም ባዶ እጁን አልቀረም። ዋንጫው የተንደር ሆነ። ያም ሆኖ በዚያ ቅዳሜ የተነገረው ሁሉ ስሕተት ነበር የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ቡድኑ በባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ከሆነ ያሸነፈው፣ ድሉን እንዴት እንየው?

በጥንቃቄ። ከሩቅ የሚወረወር ኳስ ከጨዋታ ጨዋታ እጅግ ይለዋወጣል፤ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በአንድ ጨዋታ 40 ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ የሚወረውርና በአማካይ 14 ያህሉን የሚያስገባ ቡድን እናስብ። ይህ ቡድን በአጨዋወቱ ምንም ሳይለውጥ አንድ ሌሊት 17፣ ሌላ ሌሊት 11 ቢያስገባ የሚያስገርም ነገር የለውም። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል ያለው የ6 ኳስ ልዩነት ግን 18 ነጥብ ነው፤ 18 ነጥብ ደግሞ ብዙ የፍጻሜ ጨዋታዎች ከተጠናቀቁበት ልዩነት ይበልጣል።

በ2022 የሆነው ይህንኑ ያስታውሳል። ሴልቲክስ በዋሪየርስ ሜዳ አራተኛውን ኳርተር 40 ለ16 በሆነ ብልጫ ተጫውቶ 120 ለ108 አሸነፈ። ከ41 ባለ ሦስት ነጥብ ሙከራዎች 21 አስገብቶ ነበር፤ ቁመተ ረጅሙና በዕድሜ አንጋፋው አል ሆርፎርድ ብቻውን 6 አስቆጠረ። በማግስቱ ዋሪየርስ አበቃለት ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አንዱ ነበርኩ። ዋሪየርስ ሁለተኛውን ጨዋታ 107 ለ88 አሸንፎ ፍልሚያውን 4 ለ2 ጨረሰው።

ይህ ማለት ግን የገባ ሦስት ነጥብ ሁሉ ዕድል ነው ማለት አይደለም። ኳሱን የወረወረው ተጫዋች ብቻውን ቆሞ ነበር ወይስ ተከላካይ እጁን ዘርግቶበት? ብቻውን ከነበረ፣ እንዴት ሊተዉት ቻሉ? ሴልቲክስ በዚያ ሌሊት ያገኛቸው ብዙዎቹ ኳሶች በጥሩ ቅብብል የተፈጠሩ ስለነበሩ፣ ለቅብብሉ ምስጋና መስጠትና ለ21ዱ ኳስ በሙሉ ሳይንበረከኩ መቆየት ይቻል ነበር።

ኮከቡ ተጫዋች ደካማ ሆኖ ከታየ "አብቅቶለታል" ማለት ይቻላል?

ይህን ለሚሉ ሰዎች የ1985ቱን እንጠቅሳለን። ሴልቲክስ በመጀመሪያው ጨዋታ ሌከርስን 148 ለ114 አዋረደው። የ38 ዓመቱ ካሪም አብዱል-ጀባር 12 ነጥብና 3 ሪባውንድ (ከቅርጫቱ ሲመለስ የተያዘ ኳስ) ብቻ ይዞ ወጣ፤ በሩጫም ከተጋጣሚዎቹ ኋላ ሲቀር ታየ። በሁለተኛው ጨዋታ ይኸው ሰው 30 ነጥብ፣ 17 ሪባውንድና 8 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ቅብብል) አስመዘገበ፤ ሌከርስ ዋንጫውን በስድስት ጨዋታ ወሰደ፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ሆኖ የተመረጠውም እርሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚያ ሰሞን ስለ ሽማግሌው ፍርድ የሰጡ ሰዎች ቃላቸውን መልቀም ነበረባቸው።

ተቃራኒውም አለ። በ2018 ሌብሮን ጄምስ ለክሊቭላንድ ካቫሊየርስ በመጀመሪያው ጨዋታ 51 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑ በተጨማሪ ሰዓት 124 ለ114 ተሸነፈ፤ በአራት ጨዋታም ተሰናበተ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ የካቫሊየርሱ ጆርጅ ሂል ሁለተኛውን የቅጣት ኳስ ሳተ፤ የቡድን ጓደኛው ጄ አር ስሚዝ የተመለሰውን ኳስ ይዞ፣ ውጤቱ እኩል ሳለ ወደ ቅርጫቱ በመወርወር ፈንታ ወደ መሐል ሜዳ ሸሸ። እኛ ዘንድ ስለዚህች ቅጽበት እስካሁን ይወራል፤ የ51ዱን ነጥብ አገኛኘት የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ይህም ራሱ ክርክር ምን ያህል በመጨረሻው ደቂቃ እንደሚጠለፍ ያሳያል።

ተቀያሪዎቹና "ፕላስ-ማይነስ" የሚባለው ቁጥር ምን ይነግሩናል?

ፕላስ-ማይነስ አንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ በነበረበት ጊዜ ቡድኑ ካስቆጠረው ነጥብ ላይ የተቆጠረበት ሲቀነስ የሚገኝ ቁጥር ነው። በአንድ ጨዋታ ብቻ ከታየ ብዙ አያስተማምንም፤ ምክንያቱም ደካማ ተጫዋች ከአራት ጠንካሮች ጋር ተሰልፎ ትልቅ ቁጥር ሊያገኝ፣ ጠንካራውም በተቃራኒው ሊጎዳ ይችላል። ለጥያቄ መነሻ ቢሆን ይሻላል።

ተቀያሪዎችን በተመለከተ 2016ን እናንሣ። የዋሪየርስ ኮከቦች ስቴፈን ከሪና ክሌይ ቶምሰን በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለቱ ተደምረው 20 ነጥብ ብቻ ሲያስቆጥሩ፣ ከተቀያሪ ወንበር የተነሣው ሾን ሊቪንግስተን ብቻውን 20 አስቆጠረ፤ የዋሪየርስ ተቀያሪዎች የካቫሊየርስን 45 ለ10 በለጡ፤ ጨዋታው 104 ለ89 ተጠናቀቀ። ኮከቦቹ ሳይጫወቱ ይህን ያህል ካሸነፈ፣ ሲጫወቱማ ምን ሊሆን ነው ተባለ። ካቫሊየርስ 3 ለ1 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ ሰባተኛውን ጨዋታ 93 ለ89 በማሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱ ኮከቦች ነጥብ ያጡበት ምክንያት በተጋጣሚው መከላከል የመጣ መሆን አለመሆኑን በዚያን ጊዜ ጊዜ ወስዶ የመረመረ ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

አሰልጣኙ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ አሰላለፉን ካልለወጠ ተሳስቷል ማለት ነው?

ግድ አይደለም። በ2015 ዋሪየርስ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተሸነፈ፤ ትልቁ ለውጥ የመጣው በአራተኛው ጨዋታ ነው። አሰልጣኝ ስቲቭ ከር ረጅሙን አንድሩ ቦገትን አስቀምጠው አንድሬ ኢጎዳላን ቋሚ አደረጉት፤ ቡድኑ ሦስቱንም ቀሪ ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ኢጎዳላም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ።

"ያሸነፋቸው ዳኛው ነው" የሚል ክርክር ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፤ ነገር ግን የተወሰነውን ፋውል፣ ደቂቃውንና ውጤቱን ጠቅሶ መሆን አለበት። ሊጉ ከ2015 ጀምሮ በጠባብ ልዩነት ላይ ስለነበሩ ጨዋታዎች የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች የዳኞችን ውሳኔ የሚገመግም ዘገባ በማግስቱ ስለሚያወጣ፣ ቅዳሜ የሚመጣ ተከራካሪ ይህን ሳያይ ሊመጣ አይገባም።

ክርክሩ የሚመራው በምን ሥርዓት ነው?

ሥርዓቱን የወሰድነው ከአያቶቻችን ሙግት፣ ከበላ ልበልሃ ነው። አንድ ሰው ስለ ቡድኑ አንድ ነገር ሲናገር ተቃራኒው "ተጠየቅ" ይለዋል፤ እርሱም "ልጠየቅ" ብሎ ቆሞ ማስረጃውን ያቀርባል፤ እስኪጨርስ ድረስ የሚያቋርጠው የለም። ነገርን ከሥሩ የማየት ልማድ በዚህ መንገድ በቀላሉ ይለመዳል። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች በቅሎ፣ ፈረስ ወይም ማር ይወራረዱ ነበር፤ እኛ ዘንድ የተረታው ሰው ለተሰብሳቢው የዘጌ ቡና ያስፈላል። ገንዘብ አንወራረድም። ታናናሾች ታላላቆቻችንን ጋሼና እትዬ እያሉ መጥራታቸው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በማስረጃ ረገድ ዕድሜ ነጥብ አያስቆጥርም።

አንድ ነገር በጥብቅ እንከለክላለን። ከጨዋታው በፊት ትንበያውን በወረቀት ያላሰፈረ ሰው "እኔማ አውቄው ነበር" ማለት አይችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ወረቀቱ ሐሙስ ማታ ይሰበሰባል።

ይህ ሁሉ በከተማችን ለሚጫወቱ ወጣቶች ምን ይጠቅማቸዋል?

ከምናስበው በላይ ይጠቅማል፤ እንዳለ መገልበጥ ግን አይቻልም። እኛ ዘንድ በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች የሚደረጉ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጨዋታ የሚለዩ ስለሆኑ፣ ተሸንፎ የሚታረምበት ሁለተኛ ቀን የለም። በሌላ በኩል፣ ብዙዎቹ ሜዳዎች ጣሪያ የሌላቸው የሲሚንቶ ሜዳዎች ናቸው። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት መነሣትን የሚመርጡት ከሰዓት በኋላ ሐይቁን የሚያናውጥ ነፋስ ስላለ ነው፤ ያው ነፋስ ከሩቅ የተወረወረን ኳስም ከመንገዱ ያወጣዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በተደረገ ጨዋታ ከሩቅ ሳተ ተብሎ አንድን ልጅ ከቡድን መቀነስ ግፍ ነው። አሰልጣኙ በእንዲህ ያለ ቀን ሪባውንዱን፣ የተበላሸውን ኳስና ወደ መከላከል የተመለሱበትን ፍጥነት ቢቆጥር የተሻለ ፍርድ ይሰጣል፤ እነዚህን ነፋስ አያዛባቸውም። ለመቁጠርም አንድ ደብተርና አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ይበቃሉ።

ሁለተኛው ጨዋታ መቼ ነው?

ብዙውን ጊዜ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነው። የእሑዱ ጨዋታ በግማሽ ሰዓት ስለሚቀድም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ የሐሙሱን ሰዓት ይዘው የሚነቁ ሰዎች በየዓመቱ የመጀመሪያው ኳርተር ያመልጣቸዋል። የትንበያው ወረቀት ቅዳሜ ክርክሩ እንዳበቃ፣ ቡናው ሳይነሣ ይሞላል።